ንጉሥ ጉስታቭ አዶልፍና የሙታን ወርቅ

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ፣ የአዋሽን ወንዝ ተሻግሮ ወደ ቡታጅራ የሚወርድ መንገደኛ፣ በሶዶ ምድር ጢያ ከምትባለው ከተማ ሲደርስ ከመንገዱ ጥቂት ፈቀቅ ብለው የቆሙ ትክል ድንጋዮችን ያገኛል። ቁጥራቸው 36 ሲሆን፣ ከእነዚህ መካከል 32ቱ የሰይፍና የሌላም ልዩ ልዩ ምልክት ተቀርጾባቸዋል። በ20ኛው ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ በተደረገው ቁፋሮ እንደ ተረጋገጠው፣ ድንጋዮቹ የመቃብር ምልክት ናቸው፤ ከሥራቸው የተቀበሩትም በአብዛኛው ዕድሜያቸው ከ18 እስከ 30 ዓመት የሚገመት፣ ጉልበታቸው ወደ ደረታቸው ታጥፎ የተጋደሙ ወጣቶች ናቸው። ሥፍራው በ1980 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ስለ እነዚያ ወጣቶች ይህን ያህል እንኳ ለማወቅ የተቻለው አጥንቱ፣ ድንጋዩና አፈሩ በአንድ ላይ ሳሉ ስለ ተመረመሩ፣ የተገኙበትም ሁኔታ በጽሑፍ ስለ ሰፈረ ነው። ድንጋዩ ብቻውን ተነቅሎ ባሕር ማዶ ተሽጦ ቢሆን ኖሮ፣ ውብ ድንጋይ ከመባል በቀር የሚነገርለት ነገር ባልኖረ ነበር።

ከመቃብር የወጣ ዕቃ ለማን ይገባል? ባለቤቱ የሞተበትን ዕቃ የሚሰበስብ ሰውስ ምን ዕዳ አለበት? ይህ ጥያቄ ከሶዶ እስከ ሩቅ ምሥራቅ ድረስ አንድ ነው። ከጥያቄው ጋር ሰባ ዓመት ያህል አብረው ከኖሩት ሰዎች አንዱ የስዊድኑ ንጉሥ ጉስታቭ 6ኛ አዶልፍ ናቸው። እኒህ ሰው የጥንት መቃብር በገዛ እጃቸው ቆፍረዋል፤ የቻይናን የመሥዋዕት ነሐስ በገንዘባቸው ገዝተዋል፤ በኮሪያ የወርቅ ዘውድ ከአፈር ሲወጣ በሥፍራው ተገኝተዋል፤ ኢትዮጵያንም በአልጋ ወራሽነታቸው ዘመን ጎብኝተዋል። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዘመናት ሁሉ፣ በተለይ ካልተገለጸ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጉስታቭ አዶልፍ በስቶክሆልም ቤተ መንግሥት ኖቬምበር 11 ቀን 1882 ተወለዱ። አባታቸው በኋላ ጉስታቭ 5ኛ ተብለው የነገሡት ልዑል፣ እናታቸው ደግሞ የባደኗ ልዕልት ቪክቶሪያ ነበሩ። በ1901 ወደ ኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲ ገብተው ታሪክ፣ የመንግሥት አስተዳደርና የምጣኔ ሀብት ትምህርት ተከታተሉ፤ ልባቸውን የሳበው ግን አርኬኦሎጂ ነበር። የንጉሥ ልጅ ለወታደርነትና ለመንግሥት ሥራ በሚሰናዳበት ዘመን፣ እርሳቸው የአፈርን ንብርብር ማንበብ ተማሩ።

ከኡፕሳላ አጠገብ ሆጋ በሚባል ሥፍራ አንድ ትልቅ የመቃብር ጉብታ አለ። የአገሬው ሰው ጉብታውን ብዮርን ከተባለ የ9ኛው ክፍለ ዘመን ንጉሥ ጋር አያይዞ በስሙ ይጠራው ነበር። በ1902 እና በ1903፣ በወጣቱ ልዑል አነሳሽነትና በምሁሩ በኦስካር አልምግሬን መሪነት፣ ጉብታው ተቆፈረ። ከውስጡም የነሐስ ሰይፍና በወርቅ የተለበጡ ጌጣጌጦች ተገኙ። መቃብሩ ግን የብዮርን አልነበረም፤ ከክርስቶስ ልደት በፊት 1000 ዓመት ገደማ፣ በነሐስ ዘመን የተሠራ ሆኖ ተገኘ። የአፈ ታሪኩ ግምት ሁለት ሺህ ዓመት ያህል ስቶ ነበር። ይህን ያረጋገጠው የወርቁ ብዛት አይደለም፤ እያንዳንዱ ዕቃ የት፣ ከምን ጋርና በምን አኳኋን እንደ ተገኘ በጥንቃቄ መመዝገቡ ነው። የሃያ ዓመቱ ልዑል ከሆጋ ይዘውት የወጡት ትምህርት ይህ ነበር።

በ1905 የእንግሊዝ ንጉሣዊ ቤተሰብ አባል የሆኑትን ልዕልት ማርጋሬትን አገቡ፤ አያታቸው ንጉሥ ኦስካር 2ኛ በ1907 ሲሞቱም የስዊድን አልጋ ወራሽ ሆኑ። ጥንታዊ የቻይና ዕቃዎችን መሰብሰብ የጀመሩት በእነዚህ ዓመታት ነው። አስቀድመው የወደዱት የሸክላውን ሥራ ነበር፤ ዕውቀታቸው እየጠለቀ በሄደ መጠን ግን ወደ ጥንቱ፣ ወደ ነሐሱና ጄድ ወደሚባለው የከበረ ድንጋይ አዘነበሉ።

የቻይና የመሥዋዕት ነሐስ ምን እንደ ሆነ በጥቂቱ ማብራራት ያስፈልጋል። ከክርስቶስ ልደት በፊት በሁለተኛው ሺህ ዘመን አጋማሽ ገደማ በተነሣው በሻንግ መንግሥትና እርሱን በተካው በጁ መንግሥት ዘመን፣ ታላላቅ ቤተሰቦች ለሞቱ አባቶቻቸው ምግብና መጠጥ የሚያቀርቡባቸው ዕቃዎች ከነሐስ ይሠሩ ነበር። ሦስት እግር ያለው መቀቀያ፣ የእህል ማቅረቢያው ሣህን፣ የመጠጥ ማሞቂያውና ዋንጫው እያንዳንዱ የራሱ ስምና የራሱ ሥርዓት ነበረው። አንጥረኛው በመጀመሪያ የሸክላ ምሳሌ ይሠራል፤ በምሳሌው ላይ እርጥብ ሸክላ ለጥፎ በመክፈል ቅርጹን ያወጣል፤ ክፍሎቹን መልሶ ከገጠመ በኋላ የቀለጠውን መዳብ፣ ቆርቆሮና እርሳስ ያፈስበታል። በብዙዎቹ ዕቃዎች ላይ የባለቤቱ ወይም ዕቃው የተሠራለት የሟቹ ስም ይጻፋል። ባለቤቱ ሲሞትም ዕቃው አብሮት ይቀበራል። እንግዲህ እንዲህ ያለ ዕቃ የወጥ ቤት መሣሪያ ብቻ ሳይሆን፣ በሕያዋንና በሙታን መካከል የተደረገ የውል ሰነድ ነው ለማለት ይቻላል።

እነዚህ መቃብሮች ለብዙ ሺህ ዓመታት ተዘግተው ከኖሩ በኋላ፣ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የባቡር ሐዲድ በቻይና ሲዘረጋ በየቦታው ይከፈቱ ጀመር። ከሐዲድ ሠሪዎቹ መሐንዲሶች አንዱ ኦርቫር ካርልቤክ የተባሉ ስዊድናዊ ነበሩ። በሥራቸው መስመር ሠራተኞች ከመሬት የሚያወጧቸውን የነሐስ መስተዋቶችና ዕቃዎች እየተመለከቱ ቀስ በቀስ ዐዋቂ ሆኑ። ሌላው ስዊድናዊ፣ የሥነ ምድር ሊቁ ዮሐን ጉናር አንደርሶን፣ ከ1914 ጀምሮ የቻይና መንግሥት የማዕድን አማካሪ ሆነው ሲሠሩ ከታሪክ በፊት የነበሩ መንደሮችን አገኙ። ሥራቸውን በገንዘብ የሚረዳ ኮሚቴ በስዊድን በ1919 ተቋቋመ፤ አልጋ ወራሹም ሊቀ መንበሩ ሆኑ። አንደርሶን ያገኙት ዕቃ ለጥናት ወደ ስቶክሆልም የተላከው ከቻይና ጋር በተደረገ ስምምነት ሲሆን፣ ከጥናቱ በኋላ ግማሹ ተመልሶ ወደ ቻይና ተልኳል። ለስዊድን የቀረውን ድርሻ ለመጠበቅ በ1926 በስቶክሆልም የሩቅ ምሥራቅ ጥንታዊ ዕቃዎች ቤተ መዘክር ተመሠረተ።

በዚህ መካከል አልጋ ወራሹ ታላቅ ሐዘን ደረሰባቸው። ልዕልት ማርጋሬት በ1920 አምስት ልጆች ትተው፣ ስድስተኛውን ፀንሰው ሳሉ ሞቱ። በዚያው ዓመት ጉስታቭ አዶልፍ ወደ ግሪክ ሄዱ፤ የእርሳቸው ጥረት ታክሎበትም የስዊድን ምሁራን በ1922 አሲኔ በተባለችው ጥንታዊት ከተማ ቁፋሮ ጀመሩ። በ1923 ልዕልት ሉዊዝ ማውንትባተንን አገቡ።

በ1926 አልጋ ወራሹና ባለቤታቸው ዓለምን ለመዞር ተነሡ። አሜሪካንና ጃፓንን ጎብኝተው በኦክቶበር ወር ኮሪያ ደረሱ። ኮሪያ በዚያን ጊዜ በጃፓን ቅኝ አገዛዝ ሥር ነበረች። ግዬንግጁ የሲላ መንግሥት ጥንታዊት ከተማ ስትሆን፣ በውስጧ እንደ ትንሽ ኮረብታ የሚታዩ የነገሥታትና የመሳፍንት መቃብሮች ይገኛሉ። ከእነርሱ አንዱ በጃፓናውያን ተቆፍሮ ከወርቁ ደርሶ ነበር። በሆጋ የሠለጠኑት ልዑልም ወደ ጉድጓዱ ወርደው በቁፋሮው ተሳተፉ፤ በአናቱ ላይ የወፎች ቅርጽ ያለው የወርቅ ዘውድም ከአፈር ወጣ። መቃብሩ ሶቦንግቾንግ ተባለ። ከስሙ የመጀመሪያው ክፍል ስዊድን በቻይና ፊደል ከምትጻፍበት ስም የተወሰደ ነው፤ ሁለተኛው ፊኒክስ የተባለውን የተረት ወፍ፣ ሦስተኛው መቃብርን ያመለክታል። የሲላ መስፍን ወይም እመቤት መቃብር እነሆ በሩቅ አገር ልዑል ጉብኝት ተሰየመ፤ የባለቤቱ ስም ግን እስከ ዛሬ አልታወቀም።

ዘውዱ በኮሪያ ቀርቷል፤ ከዚያ በኋላ የደረሰበት ግን ለሙያው ሰዎች ሁሉ ትምህርት የሚሆን ነው። በ1930ዎቹ አጋማሽ ዘውዱ በፒዮንግያንግ ቤተ መዘክር ለዕይታ በቀረበበት ጊዜ፣ በግብዣ ላይ የምታጫውት አንዲት ሴት ራስ ላይ ተደርጎ ፎቶግራፍ ተነሣ፤ ነገሩ ሲሰማም በኮሪያውያን ዘንድ ብርቱ ቁጣ አስነሣ። ከዚህ የከፋው ደግሞ የ1926ቱ ቁፋሮ ሙሉ ዘገባ በቆፋሪዎቹ እጅ ሳይጻፍ መቅረቱ ነው። የኮሪያ ብሔራዊ ቤተ መዘክር የቀሩትን ዕቃዎችና ማስረጃዎች አሰባስቦ ስለ ዕቃዎቹ ዘገባ ያወጣው በ2014 ነው፤ በ2016 እና በ2017ም መቃብሩን እንደ ገና ቆፍሮ የመጀመሪያዎቹ ቆፋሪዎች ያላስተዋሉትን ለመመርመር ተገደደ። ወርቁን ለማውጣት ጥቂት ወራት በቂ ነበሩ። የጎደለውን መዝገብ ለመሙላት ግን ዘጠና ዓመት ያህል ፈጀ።

ከኮሪያ ወደ ቻይና አለፉ። በኦክቶበር 22 ቀን 1926 በፔኪንግ ለክብራቸው በተደረገው የሳይንስ ጉባኤ ላይ አንደርሶን ከጁኩዲያን ዋሻ የተገኙ የጥንታዊ ሰው ጥርሶችን ዜና አበሠሩ። በኋላ የፔኪንግ ሰው የተባለውና በዓለም የታወቀው ግኝት ለመጀመሪያ ጊዜ በይፋ የተነገረው በዚህ ጉባኤ ነው። ልዑሉ በዚያ የተገኙት እንደ እንግዳ ብቻ አልነበረም፤ ምርምሩን ይረዳ የነበረው ኮሚቴ ሊቀ መንበርም ነበሩና።

በጥር 1927 ዓ.ም. እንደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር፣ ማለትም በጃንዋሪ 1935፣ አልጋ ወራሹ ከባለቤታቸውና ከልጆቻቸው ከኢንግሪድና ከበርቲል ጋር ኢትዮጵያን ጎበኙ። ንጉሠ ነገሥቱ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ገና አልጋ ወራሽ ሳሉ በ1924 ስዊድንን ጎብኝተው ስለ ነበር፣ ጉብኝቱ የወዳጅነት ምላሽ ነበር። ከጉብኝቱ በኋላ ዓመት ሳይሞላ ፋሺስት ኢጣልያ ኢትዮጵያን ወረረ። የስዊድን ቀይ መስቀል የላከው የሕክምና ቡድንም በዲሴምበር 1935 በመልካ ዲዳ በአውሮፕላን ቦምብ ተደበደበ። በ1937 የአክሱም ሐውልት ተነቅሎ ወደ ሮማ ተጋዘ፤ ወደ አገሩ የተመለሰውም ከ68 ዓመት በኋላ በ2005 ነው። ከመቃብር ሥፍራ የተነሣ ቅርስ በኃይለኛ እጅ ሲወሰድ ምን ማለት እንደ ሆነ ለኢትዮጵያውያን የሚያስረዳ ሌላ ምሳሌ አያስፈልግም።

የጉስታቭ አዶልፍ ስብስብ በጦር ኃይል የተገኘ አይደለም፤ በገንዘብ የተገዛ ነው። ይህም ሆኖ ከጥያቄ አያመልጥም። ካርልቤክ በ1920ዎቹ መጨረሻ ለስቶክሆልሙ ቤተ መዘክር፣ ከ1930 እስከ 1934 ደግሞ ለአውሮፓ ቤተ መዘክሮችና ሰብሳቢዎች ኅብረት ዕቃ ለመግዛት ወደ ቻይና ተመላለሱ፤ አልጋ ወራሹም ከኅብረቱ አባላት አንዱ ነበሩ። ቻይና ግን በ1930 የጥንታዊ ዕቃዎች ጥበቃ ሕግ አውጥታ ነበር። ሊ ጂ በተባሉት ምሁር መሪነት ቻይናውያን ራሳቸው ከ1928 እስከ 1937 በሻንግ መንግሥት መናገሻ በአንያንግ ቁፋሮ ሲያካሂዱ፣ በዚያው አካባቢ ሌሊት ሌሊት መቃብር እየቦረቦሩ ለነጋዴ የሚሸጡም ነበሩ። ገበያ ላይ የቀረበው ነሐስ በማን መቃብር፣ ከማን አጥንት ጎን እንደ ነበረ የሚናገር አልነበረም። ገዢው ቅርጹን፣ ዝገቱንና ጽሑፉን መርምሮ ዘመኑን ይገምታል እንጂ፣ የፈረሰውን መቃብር መልሶ ሊሠራው አይችልም።

በዚህ ረገድ ንጉሡ ከሞቱ ከሦስት ዓመት በኋላ የሆነው ልዩነቱን አጉልቶ ያሳያል። በ1976 ዜንግ ዜንሺያንግ የተባሉ ቻይናዊት አርኬኦሎጂስት በአንያንግ ሌባ ያልነካው መቃብር አገኙ። ከውስጡም ከ400 በላይ የነሐስ ዕቃዎች ወጡ። በዕቃዎቹ ላይ የተጻፈው ስም የሻንግ ንጉሥ የዉ ዲንግ ባለቤት የሆነችው የፉ ሃኦ ነበር። ይህች እመቤት ጦር የመራች መሆኗ ከዚያ ቀደም ብሎ በአጥንት ላይ ከተጻፉ የጥንቆላ ጽሑፎች ይታወቅ ስለ ነበር፣ ጽሑፉና መቃብሩ ተደጋገፉ። በአውሮፓና በአሜሪካ ቤተ መዘክሮች የሚገኙት በውበት የማያንሱ ብዙ ነሐሶች ግን እንዲህ ያለ ባለቤት አልተገኘላቸውም።

ጉስታቭ አዶልፍ ኦክቶበር 29 ቀን 1950፣ በ67 ዓመታቸው ነገሡ። የበኵር ልጃቸው በ1947 በኮፐንሃገን በደረሰ የአውሮፕላን አደጋ ሞተው ስለ ነበር፣ ወራሻቸው ሕፃኑ የልጅ ልጃቸው ሆኑ። ለዙፋናቸው የመረጡት መሪ ቃል ግዴታን ከሁሉ የሚያስቀድም ነበር። በ1947 ዓ.ም. እንደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር ንጉሠ ነገሥት ኃይለ ሥላሴን በስቶክሆልም ተቀበሉ፤ የኢትዮጵያና የስዊድን የሕንፃ ሥራ ትምህርት ቤት በአዲስ አበባ ሥራውን የጀመረውም በዚያ ዘመን ነው። ንጉሥ መሆናቸው ከቁፋሮው አላራቃቸውም። ከ1956 ጀምሮ በኢጣልያ ሳን ጆቬናሌ በተባለው የኤትሩስካውያን ሥፍራ የስዊድን ምሁራን ሲሠሩ፣ የሰባ ዓመት አዛውንት የሆኑት ንጉሥ መቆፈሪያ ይዘው ከተማሪዎቹ ጋር ይሰለፉ ነበር። የሩቅ ምሥራቁ ቤተ መዘክርም በ1963 በራሱ ሕንፃ ተከፈተ።

ሴፕቴምበር 15 ቀን 1973 በ90 ዓመታቸው ሄልሲንግቦሪ በተባለችው ከተማ ዐረፉ። በኑዛዜያቸውም ከስልሳ ዓመት በላይ የሰበሰቡት የቻይና ጥንታዊ ዕቃ፣ ቁጥሩ 2500 ያህል የሚሆን፣ ለስዊድን መንግሥት ተላልፎ በሩቅ ምሥራቁ ቤተ መዘክር እንዲቀመጥ አደረጉ። ስብስቡ በወራሾች መካከል አልተከፋፈለም፤ በጨረታም አልተበተነም። ተማሪውም፣ ተመራማሪውም፣ ከቻይና የመጣ እንግዳም ሊያየው ይችላል።

እንግዲህ የኒህን ሰው ሥራ የሚመዝን ሁለት ሚዛን መያዝ ይኖርበታል። በአንደኛው ሚዛን ቆፋሪው ጉስታቭ አዶልፍ አሉ፤ የሆጋን መቃብር ከነመዝገቡ ለሕዝብ ያስረከቡ፣ በግሪክና በኢጣልያ ለሥርዓት የተገዙ፣ የአንደርሶን ግኝት ለሁለት እንዲከፈል ያደረገውን ስምምነት የደገፈ ኮሚቴ የመሩ። በሁለተኛው ሚዛን ሰብሳቢው ጉስታቭ አዶልፍ አሉ፤ መቃብሩ ያልታወቀ ነሐስ ከገበያ የገዙ። የኋለኛው ሥራቸው የዘመኑ ልማድ ነበር ቢባል እውነት ነው። ነገር ግን ከመዝገብ የተለየ ዕቃ ምን ያህል እንደሚጎድለው ከሆጋ ጀምሮ ከማንም በላይ ያውቁ ነበር። ለሕዝብ መተዋቸው የዕቃውን መበተን አስቀርቷል፤ የፈረሰውን መቃብር ግን አልመለሰም።

ይህ የሕይወት ታሪክ ከወልቂጤና ከቡታጅራ ሰው ጋር የሚገናኘው በዚህ ላይ ነው። ልዑሉ በግዬንግጁ ጉድጓድ ውስጥ በነበሩበት በ1920ዎቹ ዘመን፣ ፈረንሳዊው መነኩሴ አባ አዛይስ በደቡብ ኢትዮጵያ እየተዘዋወሩ የሶዶን ትክል ድንጋዮች ይመዘግቡ ነበር፤ ከሮዤ ሻምባር ጋር ያዘጋጁት መጽሐፍ በ1931 በፓሪስ ታተመ። ከእርሳቸው በኋላ የመጡት ምሁራን በጢያ የቆፈሩት በዚያ መዝገብ ላይ ተመሥርተው ነው። ቡታጅራም ብትሆን በስዊድን ምሁራን ዘንድ የታወቀችው በመዝገብ ነው፤ ከ1980ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና የስዊድኑ ኡሜኦ ዩኒቨርሲቲ በመተባበር በአካባቢዋ ቀበሌዎች የእያንዳንዱን ቤተሰብ ልደትና ሞት እየተከታተሉ አስመዝግበዋልና።

በ1992 ዓ.ም. እንደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር የወጣው አዋጅ ቁጥር 209፣ ቅርስ በአጋጣሚ ያገኘ ሰው ለሚመለከተው ባለ ሥልጣን እንዲያስታውቅ ያዛል። መንገድ ሲጠረግ፣ የቤት መሠረት ሲቆፈር፣ ገበሬ እንሰት ለመትከል መሬቱን ሲገለብጥ፣ የድሮ መቃብር ሊከፈት ይችላል። አግኚው የመዳብ አምባር ወይም የሸክላ ገንቦ ይዞ ወደ መምህሩ፣ ወደ መሐንዲሱ ወይም ወደ ባህል ጽሕፈት ቤቱ ባልደረባ በሚመጣበት ጊዜ፣ ስለ ዕቃው ዋጋ ከመነጋገር በፊት የሚቀድም ጥያቄ አለ። ከየት ወጣ? በምን ያህል ጥልቀት? ከጎኑ ምን ነበረ? መልሱ በዚያው ቀን፣ ሥፍራው ሳይነካካ ተጽፎ ከተቀመጠ፣ በሆጋ እንደ ሆነው ሁሉ ሁለት ሺህ ዓመት የሳተ ግምት ሊቃና ይችላል። ሳይጻፍ ከቀረ ግን የስዊድን ንጉሥ ያህል ሀብትና ዕውቀት ያለው ሰው እንኳ በኋላ ሊገዛው አይችልም።